ጀርባ የሌለው ካባ

ካባው ጀርባ አልነበረውም። ይግዛው ይህን ያወቀው በጥር ማርያም ማለዳ ነው። ሣጥኑን በአንገቱ ባንጠለጠለው ቁልፍ ከፍቶ፣ ካባውን እንደ አራስ ልጅ በሁለት እጁ አቅፎ አወጣና ትከሻው ላይ እንድትደርብለት ለሚስቱ ለላቀች ሰጣት። ላቀች ከኋላው ቆማ ዘረጋችው፤ ዘረጋችና በመካከሉ አሻግራ የባሏን ማጅራት አየች። አያያዟ የተሳሳተ መስሏት ገለበጠችው። ቢገለበጥም ያው ነው። ከአንገትጌው አንድ ስንዝር ዝቅ ብሎ፣ ከብብት እስከ ብብት፣ እስከ ታችኛው ዘርፍ ድረስ ያለው ከፋይ ከነገበሩ፣ ከነወርቅ ጥልፉ፣ ከነአንበሳው ተቆርጦ ሄዷል። የቀረው አንገትጌውና በደረት ግራና ቀኝ የሚወርዱት ሁለት ክንፎች ብቻ ናቸው። የአይጥ ሥራ እንዳይባል፣ አይጥ በቀጥተኛ መስመር አትበላም፤ በልታም ቢሆን ጠርዙ እንዳይተረተር በጥቁር ክር አትለቅምም።

«ምነው ዝም አልሽ? ደርቢልኝ እንጂ» አለ ይግዛው እጁን ወደ ኋላ እንደ ዘረጋ።

«ምኑን ልደርብልዎ?» አለች ላቀች።

ይግዛው ዞረ፤ አየ፤ ሣጥኑ ላይ ቁጭ አለ። ነፋሱ ከላይ ቆርቆሮውን ያንኳኳል። ቤቱ የቆርቆሮ ቤት ነው፤ በዚያን ዘመን፣ ጣልያን ከወጣ በአሥራ ሰባተኛው ዓመት፣ በጋይንቷ ንፋስ መውጫ ከመንግሥት ቤቶች ሌላ ዘጠኝ የቆርቆሮ ቤት ብቻ ነበር፤ ዘጠነኛው የይግዛው ነው። አንዱን ቆርቆሮ በሁለት ብር ከስሙኒ ገዝቶ ከደብረ ታቦር በአህያ ሲያስመጣ ገንዘቡ መንገድ ላይ ስላለቀበት ግን ቆርቆሮ የለበሰው በመንገዱ በኩል ያለው ወገን ብቻ ነው። በጓሮ በኩል ያለው እስከ ዛሬ ሣር ነው፤ እሱም ክረምት ክረምት ያፈስሳል። ይህ ይግዛውን አላሳሰበውም፤ ሹም በጓሮ አይመጣም። በሣሩ ሥር፣ ከጥጃውና ከእህል ጎታው ጋር የምትኖረው ደግሞ ታላቅ እህቱ አዛለች ናት። ሲማዳ ተድራ፣ ባሏ ሲሞትባት ከአንድ አንቀልባ ሙሉ ዕቃ ጋር የተመለሰች፣ ቀኑን ሙሉ የበግ ጠጉር ስትፈትል የምትውል፣ ከሦስት ዓመት ወዲህ ከወንድሟ ጋር «ደህና አደርክ»ና «ደህና አደርሽ»ን ብቻ የምትለዋወጥ ሴት።

«እታለም!» ብሎ ጮኸ ይግዛው።

«አቤት» የሚል ድምፅ ከጓዳ መጣ።

«የካባው ጀርባ የት ሄደ?»

«ድርሻዬን ነው የወሰድኩት» አለች አዛለች። እንዝርቷ እንኳ አልቆመም።

ነገሩ እንዲህ ነው። አባታቸው ሲሞቱ ሁለት የሚያጣላ ነገር ትተው ነበር፤ አንዱ ካባው፣ አንዱ ቆቅ ውሃ የሚባለው አራት ጥማድ የገብስ ማሳ። ሽማግሌ ተቀመጠ። ሦስቱ ሽማግሎች ፍርድ ከመስጠታቸው በፊት የይግዛውን ሙክት በሉ፤ በልተውም ስለ ማሳው «አንቺ ሴት ነሽ፣ ሞፈር አትይዢ፤ ወንድምሽ ይረሰው፣ አንቺ እህሉን ከእጁ ተቀበዪ» አሉ። ስንት እንደምትቀበል ማንም አልጠየቀም፤ ስለዚህ በየዓመቱ ሁለት ቁና ገብስ ተቀበለች፤ እሱንም ከእንክርዳዱ ጋር። ስለ ካባው ግን፣ ዳኝነታቸው አድልዎ አለበት እንዳይባል፣ እጅግ ጥብቅ ሆኑ። «እኩል ለእኩል!» አሉ ሦስቱም ባንድ አፍ፤ አንደኛውማ ዘንጉን መሬት ላይ መታ። ሴት ካባ እንደማትለብስ ሁሉም ያውቃል፤ እኩልነት ምንም በማያጎድልበት ቦታ ሲሆን የሽማግሌ ልብ ሰፊ ነው።

«ሽማግሎቹ ያሉትን ረሳኸው?» አለች አዛለች ከጓዳ። «እኩል ለእኩል አሉ። አንተ ሦስት ዓመት ለበስከው፣ አዋስከው፣ የተዋሰው ሁሉ ማሩን ላንተ አመጣ። ከላይ ቤት ሠርግ ሲመለስ ያጠፍኩት እኔ ነኝ፤ አይተህ ቆለፍክበት። ፊቱን ተውኩልህ፤ ታላቅ ነኝና ቀድሞ መምረጡ የኔ ነበር።»

ይግዛው ትዝ አለው። ከአምስት ቀን በፊት አዛለች ካባውን በሚገባ አጥፋ፣ የደረቱን ጥልፍ ወደ ላይ አድርጋ ሣጥኑ ውስጥ ስታስቀምጥ ቆሞ አይቷል፤ የወርቁን ክር በጣቱ ነክቶ፣ ረክቶ፣ በገዛ እጁ ቆልፏል። ከፊት በኩል ያማረ ነገር ከኋላ ምን እንዳለው የመጠየቅ ልማድ አልነበረውም።

«በምን ቆረጥሽው?» አለ፤ ለምን ይህን እንደጠየቀ ራሱም አላወቀም።

«በበግ መሸለቻው።»

«አሁን የት ነው ያለው?»

«ለማርያም ሰጥቻለሁ። መምሬ ወልደ ሰንበት ተቀብለውኛል።»

ሰው የወሰደውን ዳኛ ያስመልሳል፤ ዳኛ የወሰደውን ጠቅላይ ግዛት ድረስ ሄዶ መጮህ ይቻላል። የማርያምን ግን የት ሄደው ይከሷል?

ያ ቀን እንደ ሌላው የጥር ማርያም አልነበረም። የአጥቢያው ዳኛ በሐምሌ ሞተው ወንበሩ ባዶ ነው። ከጎንደር አንድ ትልቅ ሹም ለበዓሉ ይመጣሉ፣ በዚያውም ዳኛ ይመርጣሉ ተብሏል። የታጩት ሁለት ናቸው። አንደኛው አቶ እንየው ነው፤ ይህ ሰው ጥቅምት ገብቶ ግንቦት እስኪወጣ የማያወልቀው አንድ የጣልያን ካፖርት አለው፤ «ከባለቤቱ ላይ ገፍፌ የወሰድኩት ነው» ይላል፤ የሸጠለት የደብረ ታቦር ነጋዴ ግን እስከ ዛሬ በሕይወት አለ። ሁለተኛው ይግዛው ነው። ይግዛው ሕግ አላነበበም፤ ሙግት ቆሞ አያውቅም፤ ሁለት ሰው ሲጣላ መንገድ ይቀይራል። ያለው ካባው ነው። ካባውን አያቱ ከሹም ተሸልመውታል። ይግዛው ልጅ ሳለ ሸላሚው አንድ ፊታውራሪ ነበሩ፤ ጎረምሳ ሲሆን ደጃዝማች ሆኑ፤ ካገባ በኋላ ራስ ሆኑ፤ ቤቱ ቆርቆሮ ሲለብስ ደግሞ ንጉሥ ሆነዋል። ሸላሚው ይግዛው በኖረ ቁጥር እየተሾሙ ሄዱ እንጂ አንድም ቀን አልተሻሩም። አዛለች ግን ከሞተችው እናቷ የሰማችውን ታውቃለች፤ አያትየው ካባውን ያገኙት አንድ ሽሽት ላይ የነበረ ባላባት በአንዲት አንካሳ በቅሎ ለውጧቸው ነው። ጥልፉን የጠለፈው ሰው አንበሳውን ሊጨርስ ሲል ወርቁ አልቆበት ጅራቱን በቢጫ የጥጥ ክር እንደጨረሰው ደግሞ አገር ያውቃል፤ ካባው ያላጀበው ሙሽራ፣ ፈረስ ላይ ተጭኖ ያልዞረበት የትልቅ ሰው ለቅሶ የለምና።

«ሌላ ነገር ለብሰው ይሂዱ» አለች ላቀች።

«ምን? ምን አለኝ ሌላ?»

እውነቱን ነው። እጀ ጠባቡ እንኳ ለካባው ሲባል የተሰፋ ነው፤ ደረቱ አዲስ አቡጀዴ፣ ጀርባው ግን፣ ካባው ይሸፍነዋል ተብሎ፣ ቀይ ጽሑፉ ገና ያልለቀቀ የጆንያ ጨርቅ የተጣፈበት። ላቀች ብዙ አሰበች። በመጨረሻ እናቷ ስትሞት የለበሰችውን ጥቁር የሐዘን ነጠላ ከግድግዳው አውርዳ፣ ቤት ውስጥ በነበሩት ሁለት መርፌ ቁልፎች በጎደለው ቦታ ላይ አያያዘችው። ራቅ ብላ አየችው። «ከሩቅ ካባ ይመስላል» አለች። ቀጥላም ሳቋን የዋጠች በሚመስል ድምፅ፣ «ደግሞስ በሹም ፊት ጀርባ የሚሰጥ ማን አለ? እጅ ነስተው፣ ወደ ኋላ እየረገጡ መመለስ ነው። ዋናው አለመዞር ነው።»

ይህ ይግዛውን አጽናናው። የአገሩ ወግ ለእሱ ተብሎ የተሠራ መሰለው። ሹም ፊት የቀረበ ሰው ፊቱን ያሳያል፤ ጀርባውን ማሳየት ነውር ነው። እንግዲያው ጀርባ የሌለው ካባ ለሹም ፊት ምን ጎደለው? እንዲያውም በደንብ ቢታሰብ ጀርባው ከመጀመሪያውም ትርፍ ነበር። እንዲህ እያሰበ በፊት ለፊቱ በር፣ በቆርቆሮው በኩል ወጣ። አዛለች በጓሮ በኩል ወጥታ፣ ነጠላዋን ለብሳ፣ በሌላ መንገድ ሄደች።

ገበያው ጋ ሳይደርስ አንዲት ሽንብራ ሻጭ አሮጊት ከኋላው ሮጣ ደረሰችበት። «ውይ አቶ ይግዛው! ማን ሞተብዎት ጃል? ሳልሰማ!» አለችው ጥቁሩን ነጠላ እያየች፤ ዕንባዋም ዝግጁ ነበር። «ማንም አልሞተም» አለ ይግዛው። «አይ፣ እንዲህ ዋጥ ማድረግ ጥሩ አይደለም፤ እግዜር ያጥናዎት» ብላ ደረቷን መታ መታ አድርጋ ሄደች። ከእሷ ቀጥሎ ሁለት ገበሬዎች፣ ከእነሱ ቀጥሎ የመጠጥ ቤቷ ባለቤት፣ ሁሉም ከፊት ሲመጡ «እንኳን አደረሰህ» ከኋላ ሲደርሱ «እግዜር ያጥናህ» አሉት። ይግዛው መልስ መስጠት ሰልችቶት «አሜን» ይል ጀመር። ቤተ ክርስቲያኑ ያለበትን ጉብታ ሲወጣ ነፋሱ ነገሩን ጨረሰለት። ያ ነፋስ ከገደሉ አፋፍ ተነሥቶ ሲመጣ ሁለት መርፌ ቁልፍ ምኑ ናቸው! ጥቁሩን ነጠላ ከትከሻው ላይ ቦጭቆ፣ በአየር ላይ ሁለት ጊዜ አንከባሎ ከጽዱ ቅርንጫፍ ላይ ሰቀለው። ይግዛው ቀና ብሎ አየው። መውጣት አይቻል፣ ሰው መጥራት አይቻል። ከዚያ በኋላ የሄደው ጀርባውን ለቅጥሩ ግንብ ሰጥቶ፣ በጎን እየተራመደ፣ ለሚያገኘው ሁሉ ደረቱን እያስቀደመ ነው። ያየው ሁሉ ዛሬስ እንዴት ያለ ትሕትና ነው ብሎ ተገረመ፤ ለአንድ ለማኝ እንኳ ጀርባውን አልሰጠምና።

ሹሙ ከጽዶቹ ሥር፣ ስጋጃ ላይ በተቀመጠ ወንበር ላይ ነበሩ። ደስ የሚል ፊት፣ ደስ የሚል ድምፅ አላቸው፤ ድምፃቸውንም ከማንም በላይ የሚወዱት እሳቸው ናቸው። ከጎናቸው ደብተር የያዘ ጸሐፊ ቆሟል። ሹሙ የተናገሩት ነገር ሲጥማቸው ጣታቸውን አንሥተው «ጻፍ!» ይላሉ፤ ጸሐፊው ይጽፋል። ከጠዋት ጀምሮ ብዙ ተጽፏል። «ይህ ከተማ ነፋስ አለው» ብለው ነበር፤ ተጽፏል። «ገብስ የደጋ እህል ነው» ብለው ነበር፤ እሱም ተጽፏል። ይግዛውና እንየው ተጠርተው ቀረቡ። እንየው ካፖርቱን እስከ አገጩ ቆልፎ እጅ ነሣ። ይግዛውም እጅ ነሣ፤ የካባው ሁለት ክንፎች በደረቱ ላይ ፀሐይ ሲያርፍባቸው ወርቁ ቦግ አለ።

«ይህ ካባ የማን ነው?» አሉ ሹሙ ወደፊት ዘንበል ብለው።

«የአያቴ ነው ጌታዬ። ንጉሥ የሸለማቸው።»

«የትኛው ንጉሥ?»

ይግዛው ለዚህ አልተዘጋጀም ነበር። ግን ማርያም አወጣችው ይባል እንጂ፣ በዚያች ደቂቃ ከበሮው ተመታ፣ እልልታው ቀለጠ፣ ታቦቱ ወጣ። ሹሙም ከወንበራቸው ተነሡ፤ ሕዝቡ እንደ ታጨደ ገብስ ባንድ ጊዜ ተደፋ። ይግዛውም ግንባሩን መሬት አስነክቶ ሰገደ፤ በዚያን ጊዜ ጀርባው ለሰማይ ግልጽ ነበር፤ ግን ሁሉም ግንባሩን መሬት ባስነካበት ሰዓት የሰው ጀርባ የሚያይ የለም። ቀና ሲል በሁለት ዣንጥላ መካከል፣ በካህኑ ራስ ላይ ታቦቱ ቆሟል። ታቦቱን ከሸፈኑት መጎናጸፊያዎች ከሁሉ በላይ ያለው ጥቁር ከፋይ ነው። ከፋዩ ላይ ወርቅ አንበሳ አለ። አንበሳው ጅራቱን ወደ ላይ ቆልምሟል፤ ጅራቱ ቢጫ ጥጥ ነው። ይግዛው ደግሞ ሰገደ። ምን ያድርግ? በዕድሜው ለዚያ አንበሳ የሰገደው ሰው ሁሉ ለይግዛው ጀርባ የሰገደ ይመስለው ነበር፤ ዛሬ ተራው የእሱ ሆነ።

እንየውም አይቷል። እንየው ሲሰግድ ፈጠን ብሎ የሚነሣ ሰው ነው። ከመሬት ሲነሣ መጀመሪያ አንበሳውን በታቦቱ ላይ፣ ቀጥሎ የጆንያውን ቀይ ጽሑፍ በይግዛው ጀርባ ላይ አየ፤ ፊቱ ላይ የወጣው ደስታ በበዓሉ ምክንያት ብቻ አልነበረም። ሹሙ ሲቀመጡ ጠብቆ፣ ለጥ ብሎ እጅ ነሥቶ እንዲህ አለ፦

«ጌታዬ፣ የወንድሜን የአቶ ይግዛውን ካባ ከፊት አዩት። ውበቱ ግን ከኋላ ነው። አገር የሚያውቀው አንበሳ ያለው ከኋላ ነው። ዙር ቢሉት አይተው ይደሰቱ ነበር።»

«እውነት?» አሉ ሹሙ። «ዙር እስቲ።»

ይግዛው ሚስቱ ያለችውን አሰበ። ሹም ፊት አይዞርም። ሹሙ ራሳቸው ዙር ሲሉ ምን እንደሚደረግ ግን ላቀች አልነገረችውም። ዞረ፤ በሬ በጠባብ ማሳ ጫፍ እንደሚዞረው ቀስ ብሎ፣ በትንሽ በትንሹ ዞረ። ከዚያ ከሴቶቹ በኩል አንዲት ቀጭን ሳቅ ሾልካ ወጣች፤ የላቀች ትመስል ነበር። ከሹሙ ወንበር ኋላ የቆመ፣ ፊደል የቆጠረ አንድ ዲያቆን የጆንያውን ጽሑፍ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ያነብብ ጀመር።

«አንበሳውስ?» አሉ ሹሙ ከኋላው።

ይግዛው አሁን ፊቱን ለሕዝቡ፣ ጀርባውን ለሹሙ ሰጥቶ ቆሟል። እህቱን አያት። አዛለች ከሴቶቹ መካከል ቆማ ታቦቱን እንጂ እሱን አታይም። ብዙ መልስ በአእምሮው መጣ። «ተሰረቅሁ» ቢል፣ በገዛ ቤቱ፣ ቁልፉን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ የሚሰረቅ ሰው የማንን ሌባ ሊዳኝ ነው? «እህቴ ቆረጠችው» ቢል «ለምን?» ይባላል፤ ለምን ከተባለ ቆቅ ውሃ ይመጣል። «እኔ ለማርያም ሰጠሁ» እንዳይል መምሬ ወልደ ሰንበት መስቀላቸውን ይዘው ሦስት እርምጃ ላይ ቆመዋል፤ የሚያውቁትንም ያውቃሉ። እንዲህ ሲጨነቅ ከአፉ የወጣው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ እውነት የሚመስል ነገር ሆነ።

«ተካፈልነው፣ ጌታዬ። ከእህቴ ጋር። ሽማግሌ እኩል ለእኩል ስላለን እኩል ተካፈልን። ፊቱ የኔ፣ ጀርባው የሷ። የሷን ድርሻ ያውልዎ፣» ወደ ታቦቱ በእጁ አመለከተ፣ «ለእመቤታችን ሰጠችው።»

ሹሙ ከወንበራቸው ብድግ አሉ። እንየው ጥርሱ እንደተገለጠ ቀረ።

«ሰማችሁ?» አሉ ሹሙ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው። «ሰማችሁ የጋይንት ሰዎች? እኔ በየአውራጃው ስዞር ስለ አንድ ክንድ መሬት የሚተላለቁ ወንድማማቾች አይቻለሁ። ንጉሥ የሸለመውን ካባ ከእህቱ ጋር እኩል የተካፈለ ሰው ግን ዛሬ ገና አየሁ። ጀርባውን ለብርድ ሰጥቶ! ጻፍ! ጀርባውን ለብርድ ሰጥቶ።» ጸሐፊው ጻፈ። «ይህን ሰው ያላደረግሁ ማንን ዳኛ ላደርግ ነው? ካባውን እንዲህ ያካፈለ ሰው መሬቱንማ እንዴት አድርጎ አካፍሏት ይሆን!»

ይህ ጥያቄ አልነበረም። አድናቆት ነበር፤ መልስ የማይፈልግ፣ ተጨብጭቦለት የሚያልፍ። ግን ከሴቶቹ መካከል፣ ታቦቱን ከማየት ዓይኗን ሳትነቅል፣ አዛለች መለሰችለት።

«እሱን ገና ነን፣ ጌታዬ።»

«ገና?» አሉ ሹሙ።

«ማለቷ፣» አለ ይግዛው ተሽቀዳድሞ፤ «ማለቷ፣ ጌታዬ፣ በቃል ነው ያለን። በወንድምና በእህት መካከል ነገሩ ያለቀ ነው፣ ያልተጻፈ እንደሆነ ነው እንጂ…»

«አልተጻፈም?» ሹሙ ፊታቸው በደስታ በራ። በሕይወታቸው ከሚወዷት ቃል ጋር ያገናኛቸው ይህ ሰው ዘመዳቸው መሰላቸው። «እንግዲያው ጻፍ! እህትየው ቅረቢ። ንገሪው።»

አዛለች ቀረበች። እጅ ነሣች። ከዚያ ዓይኗን ጨፍና፣ ለሦስት ዓመት ጧትና ማታ ከውዳሴ ማርያም ጋር እንደደገመችው ሁሉ ሳትደነቃቀፍ ተናገረች። «ቆቅ ውሃ አራት ጥማድ። በላይ የደብሩ ማሳ፣ በታች ጅረቱ፣ በፀሐይ መውጫ አባቴ የተከለው የድንበር ድንጋይ፣ በፀሐይ መግቢያ የበግ መንገድ። መካከሉ ላይ ኮሶ አለ። ከኮሶው በፀሐይ መውጫ በኩል የኔ ነው። ከኮሶው በፀሐይ መግቢያ በኩል የወንድሜ። ኮሶው የሁለታችን።» ትንሽ አሰበችና «ኮሶውን አንቆርጠውም» ብላ ጨመረች።

«እንዲህ ነው?» አሉ ሹሙ።

«እንዲህ ነው፣ ጌታዬ» አለ ይግዛው። ሌላ ምን ይል?

ጸሐፊው ወረቀቱን ገልብጦ በሁለት ጻፈው። ምስክር ሲባል እንየው ማንም ሳይጠራው ብዕሩን ከጸሐፊው እጅ ነጥቆ ፈረመ፤ ዳኝነቱ ቢያመልጠውም ከበዓሉ ባዶ እጁን እንዳልተመለሰ ከአፈራረሙ ያስታውቃል። መምሬ ወልደ ሰንበት መስቀላቸውን ወረቀቱ ላይ አሳርፈው «ይህን ያፈረሰ እመቤቴ ትፋረደው» አሉ። ይግዛው ፊርማው ያማረ ሰው ነው፤ ሲፈርም መጨረሻዋን ፊደል እንደ አንበሳው ጅራት ወደ ላይ ይቆለምማታል። ያን ቀን ግን ጅራቷ ተንጠለጠለች። ሹሙ ትከሻውን መቱት። «ለሚያዝያ ጎንደር ና፤ ሹመትህን ትቀበላለህ። ይህንኑ ካባ ለብሰህ ና፤ ለሰዎች አሳይሃለሁ» አሉት። ይግዛው እጅ ነሥቶ፣ ወደ ኋላ እየረገጠ ወጣ። ከኋላው ያለው ሕዝብ መንገድ እየለቀቀለት፣ የጆንያውን ጽሑፍ እያነበበ፣ «እንኳን ደስ ያለዎት» አለው። እኛም ከዚህ በኋላ አንቱ ልንላቸው ይገባል።

አሥር ሰዓት ሲሆን አቶ ይግዛው ቤታቸው፣ ሣጥኑ ላይ ተቀምጠው ነበር። ላቀች ከበዓሉ የተረፈ ጠላ አቀረበችላቸው፤ አልነኩትም። ጥቁሩ ነጠላ ከጽዱ ላይ እንዳልወረደ ነገረቻቸው። ነፋሱ ቆርቆሮውን ያንኳኳል። ከጓዳ አዛለች ወጣች። ከሲማዳ ተሸክማ የመጣችውን፣ ከራሷ ፈትል ያሠራችውን ጥቁርና ቡናማ የበግ ጠጉር ባና በክንዷ አንጠልጥላለች፤ መርፌና የበግ መሸለቻውን መቀስ ይዛለች። ከወንድሟ ፊት ቆመች። ሦስት ዓመት ዝም የተባባለ ሰው ለመናገር ቦታው ይጠፋዋል።

«የጎንደር መንገድ ብርድ ነው» አለች በመጨረሻ። «በኦቶሞቢል ላይ ጀርባህን ይመታሃል። ባናውን ከካባው ጋር እሰፋልሃለሁ።»

አቶ ይግዛው ቀና ብለው አዩዋት። የሆነ ነገር ሊሉ ነበር፤ ዳኛ የሚለውን ዓይነት፣ ምናልባት ስለ ምሕረት።

«ባናው ግን የኔ ነው» አለች አዛለች፣ ክሩን በምራቋ አርጥባ በመርፌው ዓይን እያሾለከች። «ስትመለስ እተረትረዋለሁ። አሁን ተነሥ፣ ልለካህ። ዙር።»

ዳኛው ተነሡ። ዞሩ።